የጎደለ ውሃ፣ የሞላ ወግ
የዓሣ ትዝታ በፋሽጋ ወንዞች ዳር

ፋሽጋ በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር ላይ ያለ፣ ወንዝ ያቀፈው ምድር ነው። ከኢትዮጵያ ጓንግ ተብሎ የሚወርደው ውሃ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፤ ተከዜም ሰቲት የሚል ስም ይዞ ይቀላቀለዋል። የአካባቢው ስም ሲነሳ ሰሊጡ፣ ማሽላውና የድንበር ውዝግቡ ይወራል፤ የዓሣው ወግ ግን አስታዋሽ አጥቷል።

ከተጻፉት ምስክርነቶች መካከል የእንግሊዛዊው ተጓዥ የሳሙኤል ቤከር ይጠቀሳል። ቤከር በኋላ ባለቤቱ ከሆነችው ከፍሎረንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1861 አትባራን ተከትሎ ወደ ላይ ተጓዘ፤ ያየውንም በ1867 በመጽሐፍ አሳተመ። በበጋው ወንዙ መፍሰሱን አቁሞ በአሸዋው መሀል ኩሬ ኩሬ ሆኖ ነበር። ዓሣው፣ ኤሊው፣ አዞውና ጉማሬው በቀረችው ውሃ ተፋፍገዋል። ቤከርም ትንንሽ ዓሦችን ከነሕይወታቸው መንጠቆ ላይ እየሰካ ትልልቆቹን ያጠምድ ነበር።

ጁን 23 ሌሊት ከሩቅ ጉርምርምታ ተሰማ። ቤከር ነጎድጓድ መሰለው። የአገሩ ሰዎች ግን ወንዙ እየመጣ መሆኑን ወዲያው ዐወቁ፤ አሸዋው ላይ የተኙትን ቀሰቀሱ፣ ሊደርቅ የተሰጣውን የጉማሬ ራስ ቅል ለማትረፍ ቁልቁል ሮጡ። ሲነጋ ደረቁ አሸዋ ሰፊ ወንዝ ሆኖ ተገኘ።

የትረካው ጣዕም ያለው እዚህ ላይ ነው። የዓሣ ወግ ሲባል ብዙ ሰው የሚጠብቀው የተያዘውን ዓሣ ትልቅነት ነው። የአትባራ ወግ ግን ጉልበቱን የሚያገኘው ከወቅቱ ነው፤ ኩሬው ዕድሜው አጭር መሆኑን አንባቢ ስለሚያውቅ እያንዳንዱ ዓሣ ጊዜ የተቆረጠለት ይሆናል። የመጽሐፉ ጉድለትም በዚሁ ታሪክ ላይ ይታያል። ድምፁን የለዩት የአገሩ ሰዎች ሆነው ሳለ፣ ተራኪው ቤከር ብቻ ነው። እነርሱ ያን ዕውቀት ከማን ሰሙ? ስንት ጎርፍ አዩ? መጽሐፉ አይመልስም።

ከሚደርቅ ወንዝ ኩሬ ዓሣ የማጥመድ ልማድ ደግሞ ከቤከር እጅግ ይቀድማል። ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2024 በኔቸር መጽሔት ያወጡት ጥናት፣ በመተማ ቆላ በሽንፋ ወንዝ ዳር ከ74,000 ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎችን ይመለከታል። በሱማትራ የቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ አካባቢው ይበልጥ ደረቀ፤ ሰዎቹም እየጎደሉ ከሚሄዱት ኩሬዎች ዓሣ አብዝተው መብላት ጀመሩ። ከእነርሱ የቀረው አጥንትና ድንጋይ ነው፤ ማታ ማታ ምን እንደተጨዋወቱ የሚነግረን የለም።

የዛሬዎቹ የወንዝ ዳር ሰዎች ወግ ግን ገና አልጠፋም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቁት የሩሜላና የቡርዳና ግድቦች በአትባራና በሰቲት ላይ ውሃ አቁረዋል። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሳው ጦርነትና የድንበር ግጭትም በወንዞቹ ዳር የሚኖረውን ሕዝብ በትኗል። ኩሬውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ከኩሬው ርቀዋል።

የጎንደርና የገዳሪፍ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ወደ እነዚህ ሰዎች ይላኩ። በአማርኛ፣ በትግርኛና በዐረብኛ ይጠይቁ፦ በየትኛው ኩሬ፣ በየትኛው ወር፣ በምን ማጥመጃ ዓሣ ይያዝ ነበር? የጎርፉንስ ድምፅ ቀድሞ የሚሰማው ማን ነበር? መልሱ ከነተናጋሪው ስም ይመዝገብ።