ዘመድ የራቀው ሕመምተኛና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ክፍተት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የሚፈጽመውን ተግባር ትርጉም ለመረዳት የማይችልን ሰው ለመጠበቅ ከአንቀጽ 339 ጀምሮ ሰፊ ድንጋጌዎችን ይዟል። ራሱን መከላከል ያልቻለ ሰው ንብረቱን እንዳይነጠቅ ማሰቡ የሚያስመሰግነው ነው። ይሁን እንጂ ድንጋጌዎቹ ከሕክምና አንጻር ሲመረመሩ ሁለት ግምቶች ጎልተው ይታያሉ፤ አንደኛው ችግሩ ዘላቂ ነው፣ ሁለተኛው ሰውየው በወገኖቹ መካከል ይኖራል የሚሉ ናቸው።

አንቀጽ 342 ለዚህ ማስረጃ ነው። የነዋሪው ቁጥር ከ2000 በሚያንስበት አካባቢ የአንድ ሰው የአእምሮ ሕመም የታወቀ ነው የሚባለው፣ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሲጠብቁትና እንቅስቃሴውን ሲገድቡበት ነው። በሕጉ መሠረት ፍርድ ቤት ክልከላ እንዲወስን የሚጠይቁትም ራሱ ሕመምተኛው፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዶቹ ወይም ዐቃቤ ሕግ ናቸው።

ይህ ግምት በአብርሃ ጅራና በአካባቢው ቆላ አይሠራም። በሰሊጥ አረምና አጨዳ ወቅት ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ቤተሰቡ ሩቅ ነው። የጭንቅላት ወባ ራሱን ሲያስተው ወይም ካላዛር ሲያዳክመው ወደ ጤና ተቋም የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ የሥራ ባልደረባው ወይም ካቦው ነው። የደም መፍሰስ ስጋት ላለው የጣፊያ ናሙና ምርመራ ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው? ከካላዛር ጋር አብሮ የሚገኝ የኤች.አይ.ቪ. ውጤትስ ለማን ይነገራል? ለካቦው ቢነገር ሕመምተኛው ምስጢሩንም እንጀራውንም ሊያጣ ይችላል።

የሕጉ አንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው ምርመራንም ሆነ ሕክምናን እምቢ የማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አሳዳሪ ያለው ሰው ሲሆን ደግሞ የአሳዳሪውን ሥልጣን ይጠብቃል። ዛሬ ራሱን ስቶ ከሦስት ቀን በኋላ ለሚነቃው ሕመምተኛ ግን የክልከላው ሥርዓት ዘገምተኛም ከባድም ነው።

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 የተለየ መንገድ ያሳያል። ስምምነቱ የሰውን ሕጋዊ ችሎታ ከመንጠቅ ይልቅ፣ ውሳኔውን ራሱ እንዲሰጥ የሚያስችል ድጋፍ እንዲደረግለት ያዝዛል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል በመሆኑ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በዚህ መንፈስ መሻሻል ይገባዋል።

እስከዚያው ኃላፊነቱ በጤና ባለሙያው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ሕይወት አድን ሕክምና ዘመድ እስኪገኝ መዘግየት የለበትም፤ ሊቆይ የሚችለው ውሳኔ ግን ሕመምተኛው እስኪነቃ ይቆይ። የመወሰን ችሎታ ከምርመራ ውጤት ስም አይገመትም። ሕመምተኛው የተነገረውን በራሱ ቋንቋ መልሶ ማስረዳት፣ ጥቅምና ጉዳቱን ማመዛዘንና ምርጫውን መግለጽ መቻሉ በእያንዳንዱ ውሳኔ ይመርመር፤ ጠዋት ያልቻለ ከሰዓት ሊችል ስለሚችል ምርመራው ይደገም። የተወሰነው ነገር፣ ምክንያቱና ሰዓቱ በካርዱ ላይ ይመዝገብ። ያመጣው ሰው ስለ ሕመሙ አጀማመር ይጠየቅ እንጂ የፈቃድ ፊርማ አይጠየቅ። ሕመምተኛው ሲነቃም በስሙ የተደረገው ሁሉ ሊነገረውና የቀረው ውሳኔ ለእርሱ ሊመለስለት ይገባል።