መደብና ሚዛን፦ የሚና ጨዋታ ገጸ ባሕርያት ከፎገራ ሜዳ ሲታዩ

1. መግቢያ

«መደብ» በአማርኛ ብዙ ፍች የተሸከመ ቃል ነው። በገጠር ቤት ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በጭቃ የሚሠራው መቀመጫ መደብ ይባላል፤ የኅብረተሰብ ክፍልም መደብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ቃሉን የምጠቀምበት በሦስተኛ ፍች ነው፤ ይኸውም በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄዱ ምናባዊ የሚና ጨዋታዎች ተጫዋቹ የሚመርጠውን የገጸ ባሕርይ ዓይነት ለማመልከት ነው። ሦስቱ ፍችዎች እንደሚመስለው የተራራቁ አለመሆናቸውን ያስተማረኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በክፍሌ ውስጥ የፈጸምኩት ስሕተት ነው። የጽሑፉ ዓላማም በእነዚህ ጨዋታዎች «የመደብ ሚዛን» የሚባለውን ጽንሰ ሐሳብ ከሥነ ጽሑፍ አንጻር መመርመርና ስሕተቴን ለውይይት ማቅረብ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባብያን ባጭሩ ላስረዳ። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ጨዋታ መሪ ሆኖ ቦታውንና ሁኔታውን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። ታሪኩ ቀድሞ አልተጻፈም፤ እየተጫወቱ ይፈጥሩታል። ስለዚህ ለቃል ሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ተብሎ ጎንደርን ሲሰጥ በምናብ የያዘውን ሀብት በምናብ እየከፈለ ነውና።

2. ከሰንጠረዥ የተወረሰው

የዚህ ጨዋታ የዘር ሐረግ ወደ ሰንጠረዥ ይመራል። እ.ኤ.አ. በ1780 ጀርመናዊው ዮሐን ሄልቪግ ሰንጠረዥን አስፍቶ የጦርነት ማስተማሪያ አደረገው። በ1824 የፕሩሲያው መኮንን ራይስቪትስ በዳኛ የሚመራ የጦር ጨዋታ አሳተመ። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1974፣ አሜሪካውያኑ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን ጨዋታ ሲያወጡ ዳኛው ተራኪ፣ የጦር አሃዱም አንድ ግለሰብ ሆነ።

ሰንጠረዥ በእኛም አገር ነበረ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ታሪኩንና ደንቡን ሰብስበውታል። ንጉሡ፣ ፈርዙ፣ ፊሉ፣ ፈረሱ፣ ደሩና መደቁ እያንዳንዳቸው የታወቀ አካሄድ አላቸው። በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ «ወረራ» በሚባለው፣ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ በተራ መጫወት ይጀመራል።

ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የአሸናነፍ ሥርዓቱ ነው። በኃይለኞቹ በደሩ ወይም በፈረሱ ንጉሥን መያዝ እንደ ዝቅተኛ ድል ይታይ ነበር፤ በደካማው በመደቁ መያዝ ግን ያስመሰግናል። ኃይልና ክብር በተገላቢጦሽ ተመድበዋል ማለት ነው። ጨዋታው መደቁን ከደሩ ጋር በጉልበት አላስተካከለውም፤ በዋጋ ግን አስተካከለው። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እሻለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁና።

3. ሚዛን ሲባል ምን ማለት ነው?

የ1974ቱ ጨዋታ ሦስት መደቦች ነበሩት፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። በ1975 ሌባው ተጨመረ። ተዋጊው ከመጀመሪያው ጀምሮ ብርቱ ነው። ጀማሪው አስማተኛ ግን በቀን አንድ ድግምት ብቻ ይዞ ይወጣል፤ እርሱን ከጨረሰ ከሌሎቹ ኋላ መደበቅ ነው። ካህኑ ስለት ያለው መሣሪያ መያዝ አይፈቀድለትም፤ የመጀመሪያ ድግምቱንም የሚያገኘው ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ነው። ወደዚያ ደረጃ ለመድረስ ተዋጊው 2000፣ አስማተኛው 2500፣ ካህኑ 1500፣ ሌባው 1200 የልምድ ነጥብ ያስፈልጋቸዋል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ዛሬ የደከመ ነገ ይበረታል፤ ብዙ የሚያገኝም ቀስ ብሎ ያድጋል። ይሁን እንጂ በረጅም ጨዋታ አስማተኛው እየገነነ ተዋጊው ሎሌው እስኪመስል ድረስ ይደርሳል።

በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም የነጥቡን መጠን ለሁሉም መደቦች አንድ አደረገው። በ2008 የወጣው አራተኛው እትም ደግሞ የመደቦቹን ችሎታ በተመሳሳይ ቅርጽ አዋቀረ። ሚዛኑ ተጠበቀ፤ ብዙ ተጫዋቾች ግን መደቦቹ እርስ በርስ ተመሳሰሉብን ብለው አማረሩ። ይህ በልቦለድ ሒስ የምናውቀው ችግር ነው። ገጸ ባሕርያት ሁሉ አንድ ዓይነት አንደበት ሲኖራቸው አንዱ ካንዱ አይበልጥም፤ አንዱም ግን አይታወስም።

በእኔ አስተያየት ሚዛን የጉልበት እኩልነት አይደለም፤ በታሪኩ ውስጥ ለእያንዳንዱ ተፈላጊ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩ ነው። ይህን ለመረዳት የፎገራ ሜዳ ከማናቸውም የደንብ መጽሐፍ የተሻለ መምህር ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ብዙው ሰብል ይሸነፋል። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ሩዝ ሲለመድ ግን ያው ውኃ የተኛበት ጥቁር አፈር ለሌላው ሰብል መቅሠፍት፣ ለሩዙ ሲሳይ ሆነ። የፎገራ ከብትም የሚደነቀው ረግረጉን ስለሚችል ነው። የቱ ይበረታል? ብሎ መጠየቅ ብቻውን ትርጉም የለውም፤ መልሱ «የት ሜዳ ላይ?» የሚል ነው። በጨዋታውም ሚዛን የሚጠበቀው በደንቡ ብቻ ሳይሆን ሜዳውን በሚዘረጋው ጨዋታ መሪ ነው።

4. በክፍል ውስጥ የሆነው

ይህን በልቤ ይዤ የቃል ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቼን አንድ ልምምድ አሠራኋቸው። በክረምት ከወረታ ተነሥተው ወደ ጣና ዳር የሚጓዙ አምስት ሰዎች ያሉበት ጨዋታ አዘጋጁ፤ ለእያንዳንዱ መደብ አንድ ኃይልና አንድ ድክመት ስጡ፤ አልኩ። ባለጋሻ፣ ደብተራ፣ አዝማሪ፣ ታንኳ ቀዛፊና ቀጥቃጭ ይዘው መጡ። ሥራው አስደሳች ነበር። ባለጋሻው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ፤ ደጋ ላይ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ታንኳ ቀዛፊ ውኃው ዳር ሲደርሱ አለቃ ሆነ። አዝማሪው በሰምና ወርቅ የባላባቱን ደጅ አስከፈተ።

ከሁሉ የበለጠ ነጥብ የሰጠሁት ግን ለቀጥቃጩ ነበር። አንዱ ቡድን እንዲህ ብሎ ጽፎ ነበር፦ «ኃይል፦ ዓይኑ ይበላል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል። ድክመት፦ ሰው ቤት ገብቶ መደብ ላይ አይቀመጥም።» ከአገሩ አፈ ታሪክ የተቀዳ፣ ትልቁን ኃይል በትልቅ ድክመት ያካካሰ፣ ሚዛኑን የጠበቀ ብዬ በክፍሉ ፊት አሞገስኩት።

ከክፍለ ጊዜው በኋላ አንድ ተማሪ ቢሮዬ መጣ። ብዙ የማይናገር ልጅ ነው። «መምህር፣ አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ» አለኝ። «እርስዎ ሚዛን ያሉት ነገር አልገባኝም። ጅብ ሲሆኑ አይተን አናውቅም። መደቡ ላይ አለመቀመጡ ግን እውነት ነው።»

መልስ አልነበረኝም። ልጁ በሁለት ዐረፍተ ነገር የተናገረውን እኔ ለማብራራት ይህን ሁሉ ገጽ አስፈልጎኛል። በዚያ ሚዛን አንደኛው ወገን የተጫነው ኃይል ፈጠራ ነው፤ ሁለተኛው ወገን የተጫነው ድክመት ግን ሰዎች የኖሩበት ነው። ይባስ ብሎ ፈጠራው ለእውነተኛው በደል ምክንያት ሆኖ ያገለገለ ነው። ቡዳ ነው ስለተባለ ተገለለ፤ እኔ ደግሞ መገለሉን የኃይሉ ዋጋ አድርጌ ነጥብ ሰጠሁበት። አገሩ ያለ ቀጥቃጭ ማረሻም ጦርም አልነበረውም። ከዚያው ከደቡብ ጎንደር ሳንወጣ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩት በብረት ሠሪ እጅ ነው። ዐፄ ምኒልክም የእጅ ባለሙያን መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ይህ ሁሉ እያለ ተማሪዎቼ ለቀጥቃጩ ኃይል ሲፈልጉ ብረት ማቅለጡ አልታያቸውም። ለእኔም አልታየኝም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የ«ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» አሳታሚዎች በ2020 ኦርክና ድራው የተባሉት ሕዝቦች በተፈጥሯቸው ክፉ ተደርገው የተሣሉበት መንገድ ገሃዱን ዓለም የዘር ጥላቻ እንደሚያስታውስ አምነው ማረም ጀመሩ። በ2024ቱ የደንብ መጽሐፍም «ዘር» የሚለውን ቃል ትተው «ዝርያ» በሚል አቻ ተኩት። ቃል መለወጥ በቂ ነው አልልም፤ ጥያቄው ግን ከተጫዋቾች ጠረጴዛ መነሣቱ ጠቃሚ ነው።

5. መደምደሚያ

መደብ ለገጸ ባሕርይ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዛብህን በቤተ ክህነት ትምህርቱ ብቻ ብንመድበው ኃይሉን እናገኛለን፤ በዛብህን ግን እናጣለን። ሐዲስ ዓለማየሁ የበዛብህን ዝቅተኛ ትውልድ እንደ ድክመት ቆጥረው ሒሳቡን አልዘጉትም፤ ማን እንደጫነበት እንድንጠይቅ አደረጉን፤ ጉዱ ካሣንም ለዚሁ አስነሡት።

ከላይ ልብ እንዲባልልኝ ያሳሰብኩት የሰንጠረዡ ሥርዓት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። መደቁ ደካማ ነው፤ ደንቡም አይክድም። ነገር ግን ድክመቱን ለማካካስ የሐሰት ኃይል አልፈጠረለትም፤ በገዛ እርምጃው ንጉሥ ሲይዝ አከበረው እንጂ። ልምምዱን አሁንም አሠራለሁ። ከኃይልና ከድክመት ቀጥሎ ግን ሦስተኛ ጥያቄ ጨምሬያለሁ፦ «ይህን ድክመት ማን ሰጠው?» ባለፈው ዓመት አንድ ቡድን ለቀጥቃጩ «ኃይል፦ የተሰበረ ማረሻ ያድናል» ብሎ ጻፈ። በድክመቱ ቦታ ላይ ያሰፈሩት ስለ ቀጥቃጩ ሳይሆን ስለ ባለቤቶቹ ነበር፦ «ማረሻውን ይቀበሉታል፤ ግባና ተቀመጥ ግን አይሉትም።»