አንቀልባን ገልብጦ ማየት

አንቀልባ የሚያይ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ ዛጎሉ ላይ ያርፋል። የሠሪው ሙያ የሚታወቀው ግን ሲገለበጥ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ቤት፣ ከሣጥን የወጣውን አንቀልባ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ገለበጥሁት። እኔና ሦስት ታናናሾቼ ታዝለንበታል፤ ቀጣዩ ባለተራ የእህቴ የሁለት ወር ልጅ ነው።

የፍየል ሌጦ ነው። ሌጦ ደግሞ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በአከርካሪው በኩል ወፈር ይላል፣ ወደ ሆዱ ሲወርድ ይሳሳል፣ ሲስቡትም ይለጠጣል። ሠሪው ይህን አውቆ ነው የቆረጠው። የአከርካሪው መስመር ጠቆር ብሎ መሃል ለመሃል ይወርዳል፤ የልጁ ክብደት የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። የሚለጠጠው የሆድ ቆዳ ግራና ቀኝ ሆኖ ጭኑን ይከባል። ልጁ ሲፋፋ ቆዳውም ይሰፋለታል።

ጉንጬን አስነካሁት፤ ለስላሳ ነው። ደረቅ ሌጦ እንዲህ የሚሆነው እየተፋቀ፣ በእምቧይ ጭማቂ እየታሸ፣ በእግር እየተረገጠ ነው። አማርኛችን ይህን ሥራ «ማልፋት» ማለቱ ልክ ነው፤ ቆዳው ሲለፋ ሰውየውም ይለፋል። ያችው ፍየል ዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ብራና ፋቂዎች ዘንድ ደርሳ ቢሆን ሌጦዋ ተወጥሮ ደርቆ ብራና ይወጣው ነበር። ብራና ፋቂ ቆዳው ቀጥ ብሎ እንዲቀር ይደክማል፤ አንቀልባ ሠሪ ደግሞ እንደ ጨርቅ እንዲታጠፍ።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ስፌቱ ነው። ጠፍሩ ከገላው ጋር የሚገናኝበት ቦታ በጅማት ተሰፍቷል። የወስፌው ቀዳዳዎች በአንድ ቀጥታ መስመር አልተደረደሩም፤ እያንዳንዱ ሰያፍ ነው። ቀጥ ብለው ቢደረደሩ አንዱ ሲቀደድ ወደ ሌላው ይሮጥ ነበር። በልጁ በኩል ጣቴን ባመላልስ ባመላልስ አንድ ቋጠሮ አላገኘሁም። የት ሄደ ብዬ መልሼ ገለበጥሁት፤ ለካ ቋጠሮው ሁሉ በውጭ በኩል ዛጎሉ ሥር ተደብቋል! ዛጎሎቹ ጀርባቸው ተነሥቶ ጠፍጣፋ ስለሆኑ በጅማቱ ላይ ልክ እንደ ክዳን ተቀምጠዋል። ጌጥ ነው ብዬ የኖርሁት ነገር የስፌቱም ጠባቂ ነው።

ዛጎሉ የሚጠብቀው ግን ስፌቱን ብቻ አይደለም። ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ፣ ባሕር አይታ የማታውቅ የጎጃም ሴት ጀርባ ላይ የተሰፋው ልጅን ከቡዳ ዓይን ይመልሳል ተብሎ ነው። ይህን ሳስብ አንድ ነገር ያሳፍረኛል። ቡዳ እየተባለ የሚታማው ማን ነበር? ቆዳ ፋቂው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መሳደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ ስሙ ግን በአዋጅ አልጠፋም። እንግዲህ የአንቀልባው ሠሪ ልጃችንን «ከእሱ ከራሱ» የሚከላከል ዛጎል በገዛ እጁ ሰፍቶ አስረክቦናል ማለት ነው። ያውም ልጁን የሚቆረቁር ቋጠሮ እንኳ ሳይተው።

እናቴ አስተዛዘሉን በትራስ አሳየችኝ። ጎንበስ ትላለች፣ ትራሱን ጀርባዋ ላይ ታስተኛለች፣ ቆዳውን ታለብሰዋለች፤ የላይኞቹ ጠፍሮች በትከሻዋ መጥተው ደረቷ ላይ ይጠላለፋሉ፣ በልጁ መቀመጫ ሥር ዞረው ወገቧ ላይ ይታሰራሉ። ልጅ እንዲህ ሲታዘል እግሩ ይከፈታል፣ ጉልበቱ ከመቀመጫው ከፍ ይላል፣ እንደ እንቁራሪት። የአጥንት ሐኪሞች ለሕፃን ዳሌ የሚመክሩት ይህንኑ ነው። የጭኑ አጥንት ራስ ከጎድጓዳው ጋር ገጥሞ የሚያድገው እግሩ ተከፍቶ ሲታጠፍ ነው። እግርን አቅንቶ ጥፍር አድርጎ መጠቅለል ዳሌን ሊያወልቅ ይችላል፤ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህ አጠቃቀለል እንዲቀር ዘመቻ ከተካሄደ በኋላ ችግሩ እጅግ ቀንሷል። በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣ የሞንትሪያል ጥናት ደግሞ በቀን ቢያንስ ሦስት ሰዓት ተጨማሪ የታቀፉ ሕፃናት፣ ስድስት ሳምንት ሲሞላቸው ልቅሷቸው ከሌሎቹ በ43 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ወፍጮ ላይ ጎንበስ ቀና ስትል ልጇን እሹሩሩ የምትል እናት ይህን ለማወቅ ሞንትሪያል አላስፈለጋትም። ዛሬ ሱቅ ውስጥ በውድ የሚሸጠው ባለማንገቻ ማዘያም ቢሆን ሥሩ ከአፍሪካ ጀርባ ነው፤ አን ሙር የተባለች አሜሪካዊት ነርስ ቶጎ ውስጥ አይታ ሠርታው፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ስናግሊ ብላ የፈጠራ መብት አወጣችበት።

አንቀልባ እንከን የለውም አልልም። ጀርባ ላይ ያለ ልጅ ፊቱ ለእናቱ አይታያትም፤ አፍንጫው ቢታፈን፣ አገጩ ደረቱ ላይ ቢደፋ የምታውቀው ዘግይታ ነው። ስለዚህ አንገቱ እስኪጠና ድረስ ቦታው እቅፍ ነው፣ ደረት ላይ። ቆዳ እንደ ጨርቅ አየር አያስገባም፤ ማርቆስ ብርድ ነው ብሎ ደራርቦ ማልበስ ልጁን ያልበዋል፤ ሙቀቱን በማጅራቱ እንጂ በእግሩ አይለኩት። እንጀራ ሲጋገር ደግሞ ይውረድ። ጭሱም እሳቱም ለእሱ አይሆንም።

አንቀልባው ሽንት ሲነካው በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። ከዚያ ቅቤ ይቀባል። እናቴ ይህን እያወራችኝ ቀኙን ጠፍር እያሸች ሳለ እጇ ቆመ። ይህኛው ጠፍር አዲስ ነው፤ የቀድሞው ሲበጠስ ገበያ ለጫማ ሰፊ ሰጥታው በናይሎን ክር አሰፍታዋለች። ቀዳዳዎቹ ቀጥ ያሉ፣ የተጠጋጉ፣ ያማሩ ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ጀምራለች።

«አየኸው?» አለችኝ። አየሁት።

መቀስ አምጥቼ ናይሎኑን እፈታ ጀመር። የልጁ አንገት እስኪጠና ወር ከዚያም በላይ ጊዜ አለን፤ ወስፌ የት እንዳለ እናቴ ታውቃለች፤ ጅማት ከሥጋ ቤት አመጣለሁ።