የአደን ጠመንጃና የሠሪው እጅ
በእንግሊዝ አገር በትእዛዝ የሚሠራውን የአደን ጠመንጃ የሚያወድሱ ጸሐፍት ብዙ ጊዜ አስቀድመው የሚያነሡት የሠሪውን ቤት ስምና በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ጌጥ ነው። ይህ ግን ለመራጩ በቂ መመሪያ አይሆንም። ስሙ የአንድ ቤት ቢሆንም ሥራው የብዙ እጅ ነው፤ በለንደንና በበርሚንግሃም የቆየው ልማድ ቧንቧውን ለአንዱ፥ የመተኰሻውን ክፍል ለሌላው፥ ሰደፉንና ቅርጹንም ለየባለሙያው ያከፋፍላል። ስለዚህ አዳኙ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው እያንዳንዱን ክፍል የሚሠራው ማን እንደ ሆነ ነው።

የፈተና ማኅተምም ብቻውን አይበቃም። በ1637 እ.ኤ.አ. ከንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ቻርተር የተቀበለው የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበርና በ1813 እ.ኤ.አ. በሕግ የተቋቋመው የበርሚንግሃም መፈተኛ ቤት ጠመንጃውን ከተለመደው በበረታ ጥይት ይፈትኑታል። ማኅተሙ የሚመሰክረው የብረቱን ጽናት ነው፤ ሰደፉ ለባለቤቱ መስማማቱን አይናገርም።

የጥበቡ ፍሬ ነገር ግን በዚሁ ላይ ነው። የሰደፉ ርዝመትና ጕብጠት በአዳኙ ክንድ፥ አንገትና ትከሻ ልክ ካልተበጀ ዓይኑ ከማነጣጠሪያው ጋር ሳይገጥም ይቀራል፤ አውሬውም ቈስሎ ይሸሻል፥ በየዱሩም ሲሠቃይ ይሞታል። ይህንንም ጉድለት የትኛውም ጌጥ አይሸፍነውም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ጠመንጃ በሙዚየም የሚያጠና ሊቅ ከጌጡ አስቀድሞ የተሠራለትን ሰው የአካል ልክ ይመዝግብ።