ዕድል የማን ፈቃድ ነው?

ወጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ወድቆ ተከሰከሰ እንበል። እናት ከሳሎን "ምንድን ነው እሱ?" ብላ ስትጮኽ የሚመጣው መልስ ከሦስቱ አንዱ ነው። "ሰበርኩት" የሚል ልጅ ብርቅ ነው። "ተሰበረ" የሚለው ብርጭቆው በገዛ ፈቃዱ ከመደርደሪያ የዘለለ ያስመስለዋል። ብዙዎቻችን፣ አዋቂዎቹም ጭምር፣ የምንመርጠው መካከለኛውን ነው፤ "ተሰበረብኝ"። ይቺ "ብኝ" የዋዛ ቅጥያ አይደለችም። ነገሩ በእጄ እያለ እንደደረሰ ታምናለች፣ ፈልጌው እንዳልሆነ ትመሰክራለች፣ ጉዳቱም የእኔው ነው ትላለች። ሰባሪው በአንዲት ቃል ተበዳይ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ስለ ነጻ ፈቃድ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚነሱት ከፈላስፎች ነው። ከወጥ ቤት መነሳቴ ለነገሩ ቀለል ያለ መግቢያ ፍለጋ አይደለም። ጥያቄው በየቀኑ የሚነሳውም የሚፈረደውም እዚያ ስለሆነ ነው።

አማርኛ ሲራብ "ራበኝ" ይላል፤ ሲጠማ "ጠማኝ"፣ ሲደሰት "ደስ አለኝ"። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ተናጋሪው ተሳቢ እንጂ ባለቤት አይደለም። እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ሳቅ ያሸንፈዋል፣ ምስጢር ከአፉ ያመልጠዋል። ሳያስበው ወዳጁ ቤት ቢደርስ "እግር ጥሎኝ መጣሁ" ይላል። አጥፍቶ ሲለምን ደግሞ "ሰይጣን አሳስቶኝ ነው" ይላል። ከዚህ ተነስቶ "የዚህ ቋንቋ ሰው ራሱን የድርጊቱ ባለቤት አድርጎ አያይም" ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ቀላል ነው፣ ግን ስህተት ነው። ይኸው ቋንቋ "ሆን ብሎ"፣ "እያወቀ"፣ "በገዛ እጁ" የሚሉ፣ ማምለጫ የሌላቸው አባባሎች አሉት። ሰው ራሱን ሲወቅስ "እጄን በእጄ ቆረጥኩ" ይላል፤ ቆራጩም ተቆራጩም እሱ ነው። እንግዲህ ቋንቋው ፈቃድን አልካደም። በየደረጃው ሰፍሮ አስቀምጦታል እንጂ።

"የአርባ ቀን ዕድል" የሚለውን አባባልም በዚህ ዓይን ማየት ይገባል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ቤተ ክርስቲያን በዚያ ቀን ሕፃኑ የሚያገኘው ልጅነትን ነው ብላ ታስተምራለች፤ የሕይወቱ ዝርዝር ይጻፍለታል አትልም። እንዲያውም መምህራኑ ስለ ነጻ ፈቃድ ሲያስተምሩ የሲራክን የእሳትና የውሃ ምሳሌ ያነሳሉ፤ ሁለቱም በፊትህ ናቸው፣ እጅህን የምትሰድደው አንተ ነህ ለማለት። ዕድልን ከክርስትናው ቀን ጋር ያጋባው ሕዝቡ ነው። (ሴቷ በሰማንያ ተጠምቃ ሳለ ስለ እሷም "የአርባ ቀን ዕድሏ ነው" ሲባል ሰምቻለሁ። ዕጣዋ እንኳ የሚቆጠረው በወንዱ አቆጣጠር ነው ማለት ነው።)

የአባባሉ ዋና ጠባይ ግን ሌላ ነው፤ የሚነገረው ወደ ኋላ ነው። ገበሬው "ዕድሌ ከሆነ ይበቅላል" ብሎ ማረሱን አይተውም፤ ተማሪውም "የአርባ ቀን ዕድሌ ካለ አልፋለሁ" ብሎ ደብተሩን አይዘጋም። አባባሉ የሚመጣው በረዶ አዝመራውን ከመታው፣ ውጤቱ ከተለጠፈ፣ ለቅሶ ከተደረሰ በኋላ ነው። ሥራው ማጽናናት ነው። ከሐዘንተኛ አጠገብ ተቀምጦ "ሐኪም ቤት ቀድማችሁ ብትወስዱት ኖሮ" የሚልን ሰው ማን ይወድደዋል? እዚያ ቦታ ዕድል ማለት ምሕረት ነው፤ ሊመለስ የማይችለውን "ቢሆን ኖሮ" ይዘጋል።

በላቦራቶሪ የተነሳው የነጻ ፈቃድ ክርክር ለዚህ ብዙ አይረዳንም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ቤንጃሚን ሊቤት በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሰዎች በፈለጉ ጊዜ እጃቸውን እንዲያንቀሳቅሱና ፍላጎቱ የተሰማቸውን ቅጽበት በሚዞር የብርሃን ነጥብ እንዲለዩ አደረገ። የአንጎላቸው ዝግጅት ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ቀድሞ ታየ፤ "ፈለግሁ" ያሉት ግን ሊንቀሳቀሱ 200 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ሲቀራቸው ነበር። ብዙዎች "እንግዲህ አንጎል ቀድሞ ይወስናል፣ እኛ ወሬውን እንሰማለን" አሉ። ሊቤት ራሱ ግን ያን ያህል አልሄደም፤ የተጀመረውን ለማስቆም ጊዜ አለን ብሏል። በ2012 እ.ኤ.አ. አሮን ሹርገርና ባልደረቦቹ ዝግጅት የተባለው ነገር ውሳኔ ሳይሆን የአንጎል የዘወትር ውጣ ውረድ ድምር ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። ክርክሩ ቀጥሏል። ለእኔ ግን እጅን ያለ ምክንያት ማንቀሳቀስ ሰው ነጻነቱን የሚፈልግበት ቦታ አይደለም። ስለ ጣቷ ፈቃድ አጥታ ያለቀሰች ሴት አላውቅም፤ ስለ ትዳሯ ግን አውቃለሁ።

ሕጉ ከላቦራቶሪው ይልቅ ለወጥ ቤቱ ይቀርባል። የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 57 እስከ 59 ድንገተኛ አደጋን፣ ሆን ብሎ መሥራትንና ቸልተኝነትን ይለያል፤ "ተሰበረ"ን፣ "ሰበርኩት"ንና "ተሰበረብኝ"ን እንደ መለየት ነው። ሊያጠፋ አስቦ ራሱን ያሰከረ ሰውም በስካሩ አያመልጥም። "ሰይጣን አሳሳተኝ" ለሚለው፣ ሰይጣኑን ቤት ድረስ የጠራው ማን እንደሆነ ይጠየቃል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ሰዋስው ነው፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሰዋስው። "ወደ ሌላ ቅርንጫፍ እንዲዛወሩ ተወስኗል"፣ "ቦታውን መልቀቅዎ ታምኖበታል"። ማን ወሰነ? ማን አመነ? ማኅተምና የማይነበብ ፊርማ አለ፣ ባለቤት የለም። በጥያቄ ወደ ቢሮው የሄደ ሰው "ከበላይ ነው" ይባላል፤ የበላዩም የበላይ አለው። ሰውየው ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ የሚነግራት "ምን ይደረግ፣ ዕድሌ ነው" ብሎ ነው። እዚህ ላይ ዕድል መጽናኛነቱን ትቶ መደበቂያ ሆነ። በረዶ አልወረደም። አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ መርጧል፤ የመረጠውም ምርጫ ሌላው ደጅ ሲደርስ ስሙን ቀይሮ ዕጣ ፈንታ ተባለ።

ወደ ዓረብ አገር የምትሄድ ልጅ "ዕድሌን ልሞክር" ስትል ቃሉን ወደ ፊት ታዞረዋለች፤ ዕድል ለእሷ የሚሞከር እንጂ የሚጠበቅ አይደለም። ይህ ከላይ "የሚነገረው ወደ ኋላ ነው" ያልኩትን ያፈርሳል፤ ማፍረሱም ደስ ይለኛል። እዚያ ስትደርስ ግን ከፋላ የሚባለው ሥርዓት መኖሪያ ፈቃዷን ከአሠሪዋ ጋር ያስራል። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2021 እ.ኤ.አ. ሠራተኞች ያለ አሠሪ ይሁንታ ሥራ እንዲቀይሩ የሚያስችል ማሻሻያ ስታደርግ የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። ክፉ ነገር ሲደርስባት አገር ቤት ያለው ጎረቤት "ዕድሏ ሆኖ" ይላል። የዚህ ዕድል ጸሐፊዎች ግን ሕግ አውጪዎችና አሠሪዎች ናቸው፤ ስምም አድራሻም አላቸው።

የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ "ፍቅር እስከ መቃብር" (1958 ዓ.ም.) በዚህ ጥያቄ መልሼ ሳነበው የታየኝ፣ ዕድል የሚመስለው ነገር ሁሉ ባለቤት እንዳለው ነው። ፊታውራሪ መሸሻ የልጃቸውን የሰብለ ወንጌልን ጠያቂዎች በዘር እየናቁ ይመልሳሉ፤ የእሷ ቤት መቅረት የአንድ አባት የተደጋገመ "አይሆንም" ነው። የምትወደውን በዛብህን ለእግዚአብሔር በስለት የሰጡት ወላጆቹ ናቸው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ቦጋለና ውድነሽ ጨካኞች አይደሉም፣ ስለቱ ከፍቅር የመጣ ነው። መጽሐፉን በባላባትና በጭሰኛ ትግል ብቻ የሚያነብ ሃያሲ ይህን ያልፈዋል። የፊታውራሪውን ትዕቢት መጥላት ለአንባቢ አይከብድም፤ የእናትን ስለት መጥላት ግን ይከብዳል። ለበዛብህም የሚከብደው ይኸኛው ነው። ከፊታውራሪው ቤት መሸሽ ይቻላል፤ ሌላ ሰው በእሱ ስም የገባው ቃል ግን በልቡ ውስጥ የራሱ ቃል ሆኖ አድጓል። ጉዱ ካሳ እንኳ፣ ልማድ የሰው ሥራ መሆኑን አጥርቶ ያየው ሰው፣ ማየቱ እብድ ከመባል አላዳነውም።

ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ ከአባቷ ቤት የወጣችው የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ነው። ምንኩስና የገዛ ፈቃድን መተው ነው። እሷ የመጀመሪያውን የራሷን ውሳኔ የፈጸመችው ያንን ልብስ መሸሸጊያ አድርጋ ነው፤ መንገድ ላይ መነኩሴን "ወዴት ነው?" ብሎ የሚያስቆም ብዙ የለም፣ የባላባት ልጅን ግን ሁሉም ያስቆማል። በዛብህ ከሞተ በኋላ በእውነት መነነች። የመጀመሪያውን ቆብ ማን እንዳስደፋት ጽሑፉ ያሳየናል። ሁለተኛውን ስትደፋ መርጣ ይሁን ሌላ መንገድ አጥታ፣ መጽሐፉን በጨረስኩ ቁጥር መልሴ ይለዋወጥብኛል።