ጣትና ትንፋሽ

ፒያኖ ድምፅ ይዞ አይቆይም። ቁልፉ ሲነካ መዶሻው ሽቦውን መትቶ ይመለሳል፤ ድምፁም ከዚያችው ቅጽበት ጀምሮ እየከሰመ ይሄዳል። ጣት ቁልፉ ላይ ቢቆይ መክሰሙን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ለብዙ የዓለም ሙዚቃ ይህ ችግር አይደለም። የአማርኛ ዘፈን ውበት ግን ድምፃዊው አንዷን ኖታ ይዞ ሲያንቀጠቅጣት፣ ወደ ጎረቤቷ ገፋ አድርጎ ሲመልሳት፣ ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሲለቃት ነው። ማሲንቆ በደጋኑ፣ ዋሽንት በትንፋሹ ይህን ይከተላሉ። ፒያኖ በጠባዩ የክራር ወገን ነው፤ መትቶ ይተዋል።

ጎፋ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኪቦርድ የማስተምራቸው ልጆች መጀመሪያ የሚጋጩት ከዚህ ጋር ነው። ትዝታን ኖታው ሳይዛነፍ ይጫወታሉ፤ ትዝታ ግን አይመስልም። ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ለዚህ አንድ መልስ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ያረፉት እኚህ እናት፣ ፒያኖው ሊይዝላቸው ያልቻለውን ኖታ በትንንሽ ፈጣን ኖታዎች ከብበው በሕይወት ያቆዩት ነበር። ያ የእሳቸው መንገድ ነው፤ ሊቀዱት ቢሞክሩ እጅ ላይ ይበላሻል። እኔ ለተማሪዎቼ የማሳየው ሌላውን መንገድ፣ የኪቦርድ ተጫዋቹን የጋሽ ኃይሉ መርጊያን ነው።

ጋሽ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለዱ። አዲስ አበባ የመጡት በ10 ዓመታቸው ነው፤ በ14 ዓመታቸው አኮርዲዮን ራሳቸውን አስተማሩ። የኋላው ሥራቸው ሁሉ የሚፈታው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አኮርዲዮን ቁልፍ ይኑረው እንጂ ድምፁን የሚያወጣው የወናፉ አየር ነው። ወናፉ ሲከፈት አየር ይስባል፣ ሲዘጋ ይገፋል፤ በሁለቱ መካከል አቅጣጫ በሚለወጥበት ቅጽበት ዜማው ይቆረጣል። ስለዚህ ተጫዋቹ እንደ ድምፃዊ የት እንደሚተነፍስ አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ክንዱን ሲያጠብቅ ድምፁ ይጎላል፣ ሲያላላ ይሳሳል። በዚህ መሣሪያ የጀመረ እጅ ዜማን በትንፋሽ ልክ መቁረጥ ይለምዳል፤ የለመደውን ደግሞ በቀላሉ አይተውም።

ቀጥሎ የመጣው ኦርጋን ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዋልያስ ባንድ የሂልተን ሆቴል መደበኛ ባንድ ሲሆን ጋሽ ኃይሉ ኪቦርዱ ላይ ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብዙዎቹ ስመ ጥር ባንዶች የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ወይም የቴአትር ቤት ነበሩ፤ ዋልያስ የግል ባንድ ነበር። ደርግ መጥቶ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ የምሽት ክበብ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልምና ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ይህን ሥራ የሠራ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በእራት ሰዓት ለስለስ ያለ ሙዚቃ፣ ቀጥሎ የውጭ ዘፈን፣ ከዚያ ጃዝና ሶል፣ ሌሊቱ ሲገፋ እስክስታ የሚያስመታ የአገር ዜማ። ሁለገብነት የሚባለው ነገር ከመድረክ ግዴታ ይወለዳል፤ ድምፃዊው ሲደክም መድረኩን መሣሪያ ይዞ መቆየት አለበት።

በዘመኑ የነበረው ኦርጋን ጠባዩ ከፒያኖ ፍጹም ተቃራኒ ነው። ጣት እስካለ ድምፁ አለ፤ ቁልፉን በኃይል ብትመታውም በእርጋታ ብትነካውም መጠኑ አይለወጥም። ድምፅ መጨመርና መቀነስ የእግር ፔዳል ሥራ ነው። እንግዲህ ለጣት የቀረለት አንድ ነገር መቼ እንደሚነሳ ብቻ ነው። ጋሽ ኃይሉን ከሌሎች የምለያቸው በዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠሩትን «ወደ ሐረር ጉዞ» ልብ ብሎ የሰማ ሰው የድምፃዊውን ቦታ ኦርጋኑ መያዙን ያስተውላል። ሐረጉ ሲያልቅ ጣት ይነሳል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ እንደገና ይገባል። ያ ዝምታ ከአኮርዲዮኑ የቀረ ትንፋሽ ነው እላለሁ።

ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ ዋልያስ «ቼ በለው» የተባለውን የመሣሪያ አልበም አውጥቷል። ዘፋኝ የሌለበት ሸክላ ማውጣት ያኔም ድፍረት ይጠይቃል። በውስጡ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» የጋሽ ግርማ በየነ ድርሰት ነው። ጋሽ ግርማ ራሳቸው ፒያኖ ተጫዋች፣ ድምፃዊና አቀናባሪ ናቸው፤ ስለ እሳቸው ብቻውን የሚቆም ጽሑፍ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የማነሳቸው ግራ እጅን በተመለከተ እንድንጠነቀቅ የሚያስተምር ትውልድ አባል ስለሆኑ ነው።

ግራ እጅ የቅኝት ጠላት ሊሆን ይችላል። አምባሰልን ከሲ አንስተን እንየው፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ከሲ በላይ ኢም ሆነ ኢ ፍላት የለም። ስለዚህ ግራ እጅ ሲ ሜጀር ቢይዝ አንድ ባዕድ ኖታ ያስገባል፤ ሲ ማይነር ቢይዝም ሌላ ባዕድ ያስገባል። ጆሮ ወዲያው «ይሄ አምባሰል አይደለም» ይላል። ሳይወጡ መቆየት የሚፈልግ ሰው ሲና ጂን ባዶ መያዝ ይችላል፤ ወይም ኤፍ ማይነርንና ዲ ፍላት ሜጀርን ይጠቀማል፤ የሁለቱም ኖታዎች በሙሉ ከቅኝቱ ውስጥ ናቸው። አንቺሆዬ ደግሞ ይብሳል፤ ከሲ ሲነሳ ጂ እንኳ ስለሌለው ባዶው መያዣም አይሠራም። አንዲት ተማሪዬ «መምህር፣ ታዲያ ኮርዱን መቼ ልሙላው?» ብላ ጠይቃኛለች። ዜማው ራሱ ሲጠይቅሽ ነው ያልኳት፤ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። የጃዝ ኮርድ የሚያውቅ ልጅ ያወቀውን ሁሉ ለማሳየት ይቸኩላል፣ ቅኝቱም ከሥሩ ይሰጥማል። ከሥር ቤዙ የሚደጋግመው አጭር ሐረግ ካለ ግራ እጅ ዝም ቢል ምንም አይጎድልም።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ለሥራ ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ከአባላቱ ገሚሱ እዚያው ቀሩ፣ ጋሽ ኃይሉም ጋሽ ግርማም ከቀሩት ናቸው። በ1985 ጋሽ ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀዱ። አኮርዲዮን፣ ሮድስ የተባለው ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያማሃ ዲኤክስ 7፣ ከበሮው ደግሞ በማሽን። «ሸሞንሟናዬ» ያለበትን ይህን ካሴት ከሁሉም አስበልጬ እወዳለሁ። ሮድስ መዶሻ አለው፤ እንደ ፒያኖ መትቶ ይከስማል። አኮርዲዮኑ ይይዛል። የሚከስመውንና የሚይዘውን አንድ ሰው በራሱ ላይ ደርቦ ሲቀዳ፣ ክራርና ዋሽንት አንድ ላይ ሲገቡ የምንሰማውን መመላለስ ይፈጥራል። አዲስ የወጣ ዲጂታል መሣሪያ በእጃቸው እያለ የአገር ዜማን በልጅነታቸው በተማሩት አኮርዲዮን ተጫወቱ፤ ይህን ናፍቆት ብቻ ብሎ ማለፍ የሙያ ውሳኔን ማሳነስ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ለዓመታት ታክሲ ነዱ፤ ደለስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ያ ካሴት በአሜሪካ እንደገና ታትሞ ወደ መድረክ መለሳቸው። የውጭ ጋዜጦች ታክሲውን ወደዱት። ልብ ይነካል፤ ለእኛ ለተጫዋቾች ግን ዋናው ነገር እጁ አለመዛጉ ነው። አድማጭ፣ ባንድና ክፍያ በሌለበት መለማመድ የሚችል ሰው፣ የሚለማመደው ምን እንደሆነ በግልጽ የሚያውቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» ወጣ፤ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» ተከተለ። የ«ላላ በሉ» መዝጊያ «የፍቅር እንጉርጉሮ» ነው፤ ጋሽ ኃይሉ ብቻቸውን፣ ያለ ቤዝና ያለ ከበሮ፣ ፒያኖ ይጫወታሉ። ዕድሜ ልካቸውን በሚይዝ መሣሪያ የታወቁ ሰው በማይይዘው ሲመጡ የሚሆነውን ለማወቅ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ጣታቸው ኖታው እስኪከስም አይጠብቅም። ሐረጉን የሚጨርሱት ትንፋሻቸው በሚያልቅበት እንጂ ሽቦው ዝም በሚልበት አይደለም።

ይህን ለልጆቼ የማስተምርበት መንገድ ቀላል ነው። ሐረጉን በመጀመሪያ በአፋቸው ያንጎራጉሩታል፤ ከዚያ እያንጎራጎሩ ይጫወቱታል፤ ትንፋሽ ሲስቡ እጃቸው ከቁልፉ መነሳት አለበት። ኪቦርዱን ኦርጋን ድምፅ ላይ አደርገዋለሁ፣ ሲሳሳቱ ራሳቸው እንዲሰሙት። መብራት ሲጠፋ አኮርዲዮኔን አወጣለሁ፤ እሱ ሶኬት አይፈልግም፣ ወናፉም ከእኔ በተሻለ ያስተምራቸዋል። ፒያኖ የመጨረሻ ትምህርታቸው ነው።

አሁን «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ለእነሱ በኖታ እየጻፍኩት ነው። ኖታው ቅኝቱንና ምቱን ያለ ችግር ይሸከማል። ጣቱ የሚነሳበትን ቦታ ለማሳየት ለድምፃውያንና ለነፋስ መሣሪያ የሚሠራበትን የትንፋሽ ምልክት፣ ከመስመሩ በላይ የምትቀመጠውን ትንሿን ኮማ፣ ኪቦርዱ ላይ አስገብቼያለሁ። በኪቦርድ ኖታ ላይ እንዲህ ብዛት ያለው ኮማ አይቼ አላውቅም፤ ልጆቹ ግን በመጀመሪያው ንባብ ምን እንደሚጠይቃቸው ይገባቸዋል።