ሕግ መጸዳጃ ቤት ሲገባ፦ ከታልሙድ እስከ ሐርጌሳ

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ዘማች ከሰፈር ወጥቶ እንዲጸዳዳ፣ ጉድጓድ ምሶም እንዲሸፍን ያዛል፤ ምክንያቱ እግዚአብሔር በሰፈሩ መካከል መመላለሱ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ መድብል የሆነው የባቢሎን ታልሙድ ጉዳዩን ከዘመቻ አውጥቶ ወደ ዕለት ኑሮ ያመጣዋል። «በራኾት» በተባለው ክፍል ረቢ አቂባ መምህሩን ረቢ ኢያሱን እስከ መጸዳጃ ቤት ተከትሎ ሦስት ነገር ተማረ፦ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ አለመዞርን፣ ቆሞ አለመገለጥን፣ በግራ እጅ መጥረግን። ድፍረቱ ላስገረመው ለሊቁ ለቤን አዛይ የሰጠው መልስ፣ ይህም ሊማሩት የሚገባ ኦሪት ነው የሚል ነበር።

ከእስልምና የሕግ ትምህርት ቤቶች አንዱ የሆነው የሻፊዒ መዝሀብ በሰፈነባት የሶማሊላንድ ከተማ ሐርጌሳ ይህ ትረካ ለደረሳ (ለሃይማኖት ተማሪ) እንግዳ አይሆንም። ጣዖት አምላኪ አጋሪዎች ነቢያችሁ ስለ መጸዳዳት ሳይቀር ያስተምራችኋል ብለው ሲያላግጡ፣ የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረባ ሰልማን አል‑ፋሪሲ አዎን ብሎ ሥርዓቱን እንደዘረዘረ ሐዲስ ያወሳል፦ ወደ ቂብላ (ወደ ሶላት አቅጣጫ) አለመዞር፣ በቀኝ እጅ አለመጥረግ፣ ከሦስት ድንጋይ አለማሳነስ። ታልሙድም በሰንበት ሦስት ድንጋይ ወደ መጸዳጃ መያዝን ይፈቅዳል።

ይህን ያየ ሰው አንዱ ከሌላው ወሰደ ለማለት ይቸኩላል። ውሃ ባነሰበት ምድር ግን ድንጋይ የሁሉም መጥረጊያ ነው፤ መመሳሰሉ ብቻውን ውርስን አያረጋግጥም። ይልቅ የሚያቀራርባቸው የክርክር ስልታቸው ነው። ረቢ አቂባ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የመዞርን ክልከላ በየትኛውም ስፍራ ሲያጸና፣ ረቢ ዮሴ ቤተ መቅደሱ በሚታይበትና አጥር በሌለበት ይወስነዋል። ሻፊዒዎችም የቂብላውን ክልከላ ለሜዳ ትተው በግንብ ውስጥ ሲያላሉት፣ የሌላው መዝሀብ ተከታዮች ሐነፊዎች በሁለቱም ያጸኑታል። አንድምታ የለመደ አንባቢ የሁለት ትርጓሜ ጎን ለጎን መቆም አያስደንቀውም፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ትርጓሜ የሰውን አቀማመጥ ይለውጣል።

ልዩነቱ የሚታየው ሕጉን በሚያላላው ምክንያት ላይ ነው። ታልሙድ ድንጋዮቹን በሰንበት ወደ ሰገነት ስለማውጣት ሲጠየቅ የሰውን ክብር ያስቀድማል፤ ለክብሩ ሲባል የሊቃውንት ክልከላ ይነሳል። በሻፊዒ ፊቅህ (የሕግ ትምህርት) ደግሞ እጥረት ራሱ ሕግ ያወጣል። ለመጥረግ ውሃ እያለም ድንጋይ ይበቃል፤ ከዚያም አልፎ፣ ያለው ውሃ ለሰው ወይም ለእንስሳ ጥም የሚያስፈልግ ከሆነ ለሶላት በአፈር ተየሙም ይደረጋል። ከከተማዋ ውጭ ካሉት የጌድ ደብሌ ጉድጓዶች በቧንቧ የሚመጣው ውሃ ለማይዳረሰው ሁሉ ቦቴና የአህያ ጋሪ በሚያመላልሱባት፣ ኑሮዋም ከግመልና ከፍየል ጋር በተሳሰረባት ሐርጌሳ ይህ አንቀጽ ከመጽሐፍ ገጽ አልፎ የቤት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ እነዚህን ድንጋጌዎች ጥቃቅን ብሎ መናቅ ስሕተት ነው። ትርጓሜ የሚፈተነው ሰው ሊያዘገየው በማይችለው ፍላጎት ፊት ነው፤ ያንን የማይመልስ ሕግ በመቅደስ ቢከበር በቤት አይኖርም።